«ረናው» በአማርኛ ምን ይባል? ሞቅ ሞቅ ወይስ ግርግር?

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። እዚህ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ከጆሯችን የማይጠፋ የቻይንኛ ቃል አለ፤ «ረናው»። መነሻዋ ድምፅ በ«ረ» እና በ«ዠ» መሃል ስለሆነች በፊደላችን በትክክል አትያዝም። ቃሉ ሁለት ቁራጭ ነው። «ረ» ትኩስ ማለት ነው፣ «ናው» ደግሞ ጫጫታ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሙገሳ ይሆናሉ። ምግብ ቤት ገብታችሁ ክቡን ጠረጴዛ የከበበው ሰው ሁሉ ባንዴ ሲያወራ፣ ሕፃናት በወንበሮቹ መሃል ሲሯሯጡ፣ አስተናጋጇ ከወዲያ ጥግ ትእዛዝ ስትጮህ፣ አብሯችሁ የገባው ቻይናዊ ፊቱ በርቶ «እንዴት ረናው ነው!» ይላችኋል። ጭር ያለ ምግብ ቤት ያጠራጥረዋል። ምግቡ ምን ቢሆን ነው ሰው የራቀው?

አንዳንዱ ሰው «ግርግር» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ አልዋጥልኝ አለ። ግርግር በእኛ ዘንድ ስሙ ጥሩ አይደለም፤ ተረቱም ግርግር ለሌባ ይመቻል ነው። «ድምቀት» ይቀርባል፣ ግን ወደ ዓይን ያደላል። እኔ የምመርጠው «ሞቅ ሞቅ»ን ነው። «ቤቱ ሞቅ ሞቅ ብሏል» ስንል እሳት ነደደ ማለታችን አይደለም፣ ሰው ገባ ማለታችን ነው። ተቃራኒውማ ጭራሽ ገጥሟል። ሰው የራቀውን ቦታ «ለንግቺንግ» ይሉታል፤ «ለንግ» ቀዝቃዛ ማለት ነው። እኛም ልጆች ከቤት ሲወጡ «ቤቱ ቀዘቀዘ» እንላለን።

ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን የማያቸው በቹንጂዬ፣ ማለትም በፀደይ በዓል (በቻይናውያን አዲስ ዓመት) ሰሞን ነው። ከዋዜማው በፊት ባሉት ቀናት የጓንግዡ የአበባ ገበያ መተላለፊያ የለውም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ብርቱካን የምትመስል ትንንሽ ፍሬ ያፈራች ዛፍ ይዞ ይመለሳል። በማግስቱ ከተማው ጭር ይላል። ከሌላ ክፍለ ሀገር ለሥራ የመጣው ሁሉ አገሩ ገብቷላ። ይህ ጉዞ ራሱን የቻለ ስም አለው፣ «ቹንዩን» ይባላል፤ 40 ቀን ገደማ ይወስዳል። የሰፈራችን ኑድል ቤትም፣ ፀጉር ቤቱም በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፎ ይጠፋል። ረናው ከከተማ ወደ ገጠር ይሄዳል ማለት ነው።

ርችቱም የዚሁ አካል ነው፤ በአፈ ታሪኩ «ኒየን» የሚሉትን አውሬ የሚያባርረው ጩኸትና ቀይ ቀለም ነው። ቤጂንግ ርችትን እ.ኤ.አ. በ1993 ከልክላ በ2005 ላላ አድርጋ ነበር። ዛሬ ብዙ ከተሞች ይከለክላሉ፣ አዛውንቶቹም «የዓመቱ ጣዕም» ጠፋ ይላሉ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር በዚያ ጭስ ውስጥ ማደር አይናፍቀኝም።

እስቲ ሐሳብ ስጡ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል፤ ግን «ካን ረናው»ን ረሳኸው። ቃል በቃል «ረናው ማየት» ነው። ሁለት መኪና ተጋጭቶ ሾፌሮቹ ሲጨቃጨቁ ከቦ የሚቆመው ሰው ሥራው ካን ረናው ይባላል። እንዲያውም ረናው ተመልካች ነገሩ ቢከር አይጠላም የሚል አባባል አላቸው። እዚህ ላይ ያንተ «ሞቅ ሞቅ» አይሠራም። ሰው ሲጣላ ቆሜ ሞቅታ አየሁ ብትል፣ ጠጥተህ ነው ወይ ይሉሃል። እኔ «ወሬ ማየት» እለዋለሁ። «ወሬ ለማየት ቆሞ ኪሱን ተዳበሰ» እንል የለ?

መልስ፦ እኔ የምኖረው አደባባይ ፊት ለፊት ነው። በየማታው እናቶቹ ድምፅ ማጉያ አምጥተው ተሰልፈው ይጨፍራሉ። ለእነሱ ረናው ነው፣ ለእኔ «ቻው» ነው፤ ያው የሚረብሽ ጫጫታ ማለት። (የእኛን የስንብት «ቻው» እንዳይመስላችሁ!) እዚህ የምትኖሩ እንደምታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የድምፅ ብክለት ሕግ እንዲህ ያለውን የአደባባይ ጭፈራም ይመለከታል። ስለዚህ ትርጉሙ በድምፁ መጠን ብቻ አይወሰንም፣ ውስጡ ነህ ወይስ ውጭ ነው ጥያቄው። የሰርግ ቤት ጎረቤት የሆነ ሰው ይገባዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ገብቶኛል። «ወሬ ማየት»ንም ተቀብያለሁ፤ ለ«ካን ረናው» ከዚያ የተሻለ የለኝም። አንድ የቀረችኝ «ትሶው ረናው» ናት። ሳይጠራ ወይም ሥራ ሳይኖረው ሰው ወደተሰበሰበበት የሚሄድ ሰው ስለ ራሱ ዝቅ ብሎ ሲናገር ይላታል። ይህችን «ለማድመቅ ነው የመጣሁት» ብዬ ልዘጋት አስቤያለሁ፣ እኛም ለሰርግ ስንሄድ የምንለው እሱን ነውና። ግን እናንተ ሰፈር «ላድምቅ ብዬ» ሲባል ትሕትና ነው ወይስ ሽሙጥ?