ኒያላ ፎንት እያስጠላኝ መጣ፤ ጥፋቱ የፎንቱ ነው የአጠቃቀሙ?

አዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር የዕድር ማስታወቂያውም፣ የሠርግ መጥሪያውም፣ የስብሰባ ጥሪውም በኒያላ ተጽፎ ነው የሚለጠፈው። አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሳየው ያስጠላኛል፤ በተለይ ርዕሱ ቦልድ ሲሆን ጠ እና ጨ ይምታቱብኛል። ለጥምቀት ባለ ሁለት ገጽ መርሐ ግብር በዎርድ እያዘጋጀን ስለሆነ በምን ብንጽፈው ይሻላል?

ማራኪ፦
የጠሉት ኒያላን ሳይሆን የውሸት ቦልዱን ይመስለኛል። ኒያላ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ ቦልድ ሆኖ የተሣለ ፊደል የለውም። ቦልድ ሲያዙት ዎርድ ያንኑ ፊደል በግድ ያወፍረዋል። ተን ከቸ፣ ነን ከኘ የሚለየው ደግሞ አናቱ ላይ ያለ አጭር ጭረት ነው፤ ጠን ከጨ የሚለየውም እግሩ ላይ ያለ ትንሽ ጭማሪ ነው። ሲወፍር በመካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ይደፈናል። ሌዘር ፕሪንተሩ ቶነር (የዱቄት ቀለም) ያክልበታል፣ ኮፒው እንደገና ኮፒ ይደረጋል፣ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ጨ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። ለማረጋገጥ «ተቸ ነኘ ጠጨ»ን በ11 ነጥብ የፊደል መጠን አንዴ በቦልድ፣ አንዴ ያለ ቦልድ ያትሙና የወጣውን ኮፒ ያድርጉት።

አራዳ፦
የቦልዱ ነገር እውነት ነው፤ ፎንቱም ግን ነጻ አይወጣም። ኒያላ በብርዕ እንደተጻፈ ሁሉ ወፍራምና ቀጭን መስመር አለው። ይህ በትልቁ ሲታተም ያምራል፤ የጎንደር ዘመን ጉልሕ ጽሕፈትም የሚያምረው ፊደሉ ጎላ ብሎ ብራናው ላይ እንደ ልቡ ስለተቀመጠ ነው። በ9 እና በ10 ነጥብ ግን ቀጭኑ መስመር ይሳሳል፣ ቶነሩ ሲያልቅ ደግሞ ይበጣጠሳል።

ሌላው፣ ኒያላን መርጦ የሚጽፍበት ሰው ጥቂት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ለዓመታት ከኮምፒውተሩ ጋር ሲመጣ ስለኖረ፣ ፎንቱ ታይምስ ኒው ሮማን ላይ እያለ አማርኛ ሲጻፍ የጎደለው ፊደል ብዙ ጊዜ ከኒያላ ይሞላል። ለቅሶውም ሠርጉም አንድ መልክ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ሰው የሚሰለቸው ይህንን ነው ባይ ነኝ። ቁጥሩ በታይምስ ቀርቶ ፊደሉ ብቻ ኒያላ ሲሆን ደግሞ ፊደሉ አንሶ ይታያል።

ፒያሳ፦
ለመርሐ ግብሩ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይያዙ፤ በነጻ ይወርዳል፣ የራሱ ቦልድም አለው። ሬጉላሩንም (ተራውን) ቦልዱንም ፋይል ይጫኑ። ሬጉላሩ ብቻ ከተጫነ ዎርድ ያንኑ የውሸት ቦልድ ይሠራልዎታል። ጽሑፉ 12፣ ርዕሱ 18 ይሁን። ላይን ስፔሲንጉን (የመስመሮቹን ርቀት) ኤግዛክትሊ ላይ አያድርጉት፣ የፊደሉ አናትና እግር ሊቆረጥ ይችላል፤ መልቲፕል 1.15 ይበቃል።

ካለፈው ዓመት የሚገለብጡት ጽሑፍ በድሮው ፓወር ግዕዝ ከሆነ ዝም ብለው ፎንቱን አይቀይሩት። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልተጻፈ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ማተሚያ ቤት የሚወስዱትም ፒዲኤፍ ይሁን። ዎርዱን ከሰጧቸውና ኖቶ ከሌላቸው ኒያላ ተመልሶ ሊመጣ፣ ገጹም ሊፈርስ ይችላል።

አዘዞ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባለው ፎንት ተጭኖ አለን፤ እሱስ?

ፒያሳ፦
ለጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን እሱም ቦልድ የለውም፤ ርዕሱን በመጠን ብቻ ያሳድጉት።