ሐምሌንና ነሐሴን ተራራ ላይ ያለ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ልሠራ ነው፤ ምን ልያዝ?

ጥያቄ ከ«የኮምቦልቻዋ»

ሰላም ለሁላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ዘንድሮ ክረምቱን ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ፣ ትንሽ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ውስጥ የተመልካቹ፣ ማለትም መለኪያዎቹን እያነበበ የሚመዘግበው ሰው፣ ረዳት ሆኜ ልሠራ ነው። ከፍታው ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ይጠጋል አሉኝ። አንድ ክፍል ቤት፣ አንዲት ሶላር፣ ግቢው ውስጥ የዝናብ መለኪያና ነጭ የቴርሞሜትር ሳጥን አለ። የመስመር መብራት የለም። ቅዳሜና እሁድ ተመልካቹ ወደ ቤተሰቡ ስለሚወርድ እኔና ጥበቃው ብቻ ነን። የላከኝ ክፍል የሰጠኝ ወረቀት «ሙቅ ልብስ ይዞ መገኘት» ይላል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።

ምን ልልበስ? ምን ልብላ? በረዶ ሲጥል ዝናቡ እንዴት ይለካል? እናቴ ደግሞ የመብረቁ ነገር እንቅልፍ ነስቷታል።

መልስ ከ«ሐረጎ ሾፌር»

እህቴ፣ የኮምቦልቻ ሰው ብርድ የት ያውቃል! ቀልዴን ነው። ግን አስቢው፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ታች መስኮት ከፍቼ እጀምራለሁ፣ ላይ ስደርስ ጃኬት ለብሼ የጉም መብራት አብርቼ ነው የምነዳው። በየሺህ ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል ይላሉ። አንቺ ደግሞ ከደሴም በላይ ነሽ። ወፍራም ጋቢ፣ ካፖርት፣ ጂንስ ያዢ።

መልስ ከ«ሁለት ክረምት ያሳለፍኩ»

ጂንሱን ተዪው! ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ አንተ መኪና ውስጥ ነህ። እዚያ ጠላትሽ እርጥበት ነው፣ ብርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጂንስ አንዴ ከራሰ ሦስት ቀን አይደርቅም፤ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ብቅ ብትል ለአንድ ሰዓት ነው። ሰልባጅ ተራ ሄደሽ የሱፍ ሹራብና ቶሎ የሚደርቅ ስስ ሱሪ ፈልጊ። የላስቲክ ቦቲ ከቁጥርሽ አንድ ከፍ ያለ ግዢ፣ ሁለት ካልሲ እንዲይዝ። ዣንጥላ አያስፈልግሽም፤ ነፋሱ በመጀመሪያው ቀን ይገለብጠዋል። ጋቢው ለማታ ጥሩ ነው፣ ቀን ግን ይዘሽው አትውጪ።

ምግብ ላይ፦ ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ሽምብራና ባቄላ ቀቅዬ ልብላ ብትዪ ጋዝሽን ጨርሰሽ ጥርስሽን ትሰብሪያለሽ። ሽሮ፣ ክክ ምስር፣ በሶ፣ ድርቆሽ ያዢ። ቆሎሽን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጣሳ አድርጊ፣ ካልሆነ በሳምንቱ ይለሰልሳል፣ አይጦቹም ይቀድሙሻል።

ሶላሩን አትመኚው። ጉሙ አራት አምስት ቀን ከተኛ ስልክ መሙላት ይቸግራል። ሙሉ ፖወር ባንክ ይዘሽ ውጪ።

መልስ ከ«ጡረተኛው ተመልካች»

ልጄ፣ በርቺ። ስለ በረዶው ልንገርሽ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስትወጪ መለኪያው አፍ ላይ በረዶ ተከምሮ ካገኘሽ በእጅሽ አትጥረጊው። በመለኪያ ብርጭቆው ለብ ያለ ውሃ 10 ሚሊ ሜትር ለኪና በረዶው ላይ አፍስሺ። ሲቀልጥ ሁሉንም ለኪው። 27.4 ከመጣ 10ሩን ቀንሰሽ 17.4 ትጽፊያለሽ። ያ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 17.4 ሊትር ወረደ ማለት ነው። 10ሩን ከማፍሰስሽ በፊት መዝገቡ ዳር ጻፊው። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጽፍ አፍስሼ፣ 10 ነበር ወይስ 15 እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። የዚያን ቀን ቦታ ባዶውን ተውኩት። ያላየሽውን ቁጥር በግምት አትሙዪ፤ ባዶ ቦታ አያሳፍርም።

ብርጭቆውን ስታነቢ ዓይንሽን ከውሃው እኩል አድርጊ፣ መሃል ላይ ጎድጎድ ያለውን ነው የምታነቢው። በእርሳስ ጻፊ። ስክሪፕቶ ርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጉም ሲተኛ ደረቁና እርጥቡ (ጫፉ በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው) ቴርሞሜትር እኩል ያነባሉ። አዲስ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይደውላል። አልተበላሸም፣ አየሩ ውሃ ጠግቦ ነው። ሁልጊዜ እኩል ከሆኑ ግን፣ ፀሐይ ወጥቶም ቢሆን፣ ጨርቁ ደርቆ እንደሆነ እዪው።

ለእናትሽ፦ መብረቁ ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሪ። ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ለሦስት ስታካፍዪ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥሻል። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከሰማሽ ቤት ግቢ። ከነፋስ መለኪያው ምሰሶና ከባሕር ዛፍ ራቂ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማሽ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ንባቡ ቢዘገይ የዘገየበትን ሰዓት ትጽፊያለሽ፣ አለቀ።

መልስ ከ«ነርሷ»

ስለ ከሰል ማንም አላነሳም፣ ስለዚህ እኔ ላንሳው። በዚያ ብርድ ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ያጓጓል። አታድርጊው! የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ራስሽን ያዞርሽና እንቅልፍ የመጣብሽ ይመስልሻል፣ ከዚያ አትነሺም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለሽ ውጭ ተጠቀሚ፣ ማታ ክፍልሽ ውስጥ አይደር። «ፍም ብቻ ነው፣ ጭስ የለውም» የሚልሽን አትስሚ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ራስሽን ትንሽ ሊያምሽ ይችላል፤ ከፍታው ነው። ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ። እየባሰ ከሄደ ውረጂ።

ከ«የኮምቦልቻዋ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያሉኝን ለእናቴ አነበብኩላት፣ አሁን ቤት ውስጥ ነጎድጓድ በሰማች ቁጥር ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ጂንሱን ትቻለሁ፣ ቦቲም ገዝቻለሁ። ጥበቃው ጋ ደውዬ «ምን ላምጣልህ?» ስለው «ሽንኩርትና ባትሪ ድንጋይ» አለኝ። ስንት ልያዝለት?

መልስ ከ«ሁለት ክረምት ያሳለፍኩ»

ትልቁን ነው ትንሹን? ጠይቂው። የእኛው ጥበቃ ለሬዲዮው ትልቁን፣ ለእጅ ባትሪው ትንሹን ነበር የሚፈልገው። ከሁለቱም ስምንት ስምንት ያዢ። ሽንኩርቱን በላስቲክ አትቋጥሪ፣ ይበሰብሳል።