በዝናብ ማን ይውጣ? ካፒቴኑ ወይስ ረዳቱ?

የመስኮት ወንበር፦ ትናንት ከአንድ ረዳት አብራሪ ጓደኛዬ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። ከበረራ በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ የሚያየው ሁልጊዜ እሱ ነው። «ዝናብ ከሆነማ አይጠየቅም» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ተጠያቂው ካፒቴኑ ከሆነ ባላየው ነገር ላይ እንዴት ይፈርማል? ራሱ ይዙር ባይ ነኝ።

ቀኝ ወንበር፦ እኔም ረዳት ነኝ፣ ቅሬታ የለኝም። ካፒቴኑ እኮ እግሩን ሰቅሎ አይቀመጥም። የጥገና መዝገቡን ያነባል፣ ነዳጁን ያያል፣ የመንገዱን አየር ሁኔታ ያጣራል። ሁለታችንም ውጭ ብንሆን ያንን ማን ይሠራዋል? የቦይንግ መመሪያ ራሱ ከአብራሪዎቹ አንዱ ወይም የጥገና ሠራተኛ ይየው ነው የሚለው።

የመስኮት ወንበር፦ ወይም ጥገና? ጭራሽ!

ቁልፍ 13፦ ምነው ወንድሜ፣ እኛ ምን አደረግን? ለነገሩ እውነት አለህ። በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ የሆነውን ስማ። ሁለት ቴክኒሻኖች ሌሊት የአንድ ኤርባስ 319 የሞተር ክዳኖችን ሳይቆልፉ ዕቃ ሊያመጡ ሄዱ። ሲመለሱ የሄዱት ወደ ሌላ አውሮፕላን ነው! ክዳኑ ተቆልፎ አገኙት፣ ያኔም አልነቁም። ጠዋት ረዳት አብራሪው ዞረ፣ አላየም። አውሮፕላኑን ገፍቶ የሚያስወጣው ሹፌርም ዞረ፣ አላየም። ሲነሣ የሁለቱም ሞተሮች ክዳን ተገነጠለ፣ ቀኙ ሞተር በእሳት ተያያዘ። 80 ሰው ነበረበት፣ ደግነቱ ሁሉም ተረፉ። መቆለፊያዎቹ ያሉት ከሞተሩ ሆድ ሥር ነው። ቆመህ አታያቸውም፣ መንበርከክ አለብህ። ካፒቴን ትከሻው ላይ ካለው ከነአራት የማዕረግ መስመሩ ይንበረከካል? እንጃ።

ጋሽ ካፒቴን፦ ይንበረከካል ልጄ። እኔ በነጭ ሸሚዝ ተንበርክኬያለሁ፣ ባለቤቴን ጠይቃት። ግን ሁልጊዜ አልዞርኩም። ረዳቴ ተመልሶ «ሁሉም ደህና ነው» ሲለኝ አልቀበልም ነበር። «የግራ ኋላ ጎማ የፍሬን ፒን ምን ያህል ቀርቶታል?» እለዋለሁ። ፍሬኑ እያለቀ ሲሄድ ወደ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዘንግ ነው። ያየ ይነግርሃል፣ ያላየ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ከዚያ ኮቱን አንስቶ ይወጣል። ሥራውን ለሌላ ትሰጣለህ፣ ተጠያቂነቱን ግን አትሰጥም። ዓለም አቀፉ ደንብም አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን ዋናው አብራሪ ሳያምንበት አይነሣም ነው የሚለው።

ቀኝ ወንበር፦ ካፒቴን፣ እንደ እርስዎ የሚጠይቅ ቢኖርማ! አንዴ ጎማ ላይ ቁርጥ አይቼ ስናገር «መካኒኩ አይቶታል» ተባልኩ። መካኒኩን ብጠይቀው «አብራሪው ያየዋል ብዬ ነው» አለኝ። ጎማው ተቀየረ፣ 40 ደቂቃ ዘገየን። ያን ቀን ኮክፒት ውስጥ ከሥራ ውጪ አንድ ቃል ያናገረኝ የለም።

የመስኮት ወንበር፦ የኔን እኮ ነው የምታጠናክርልኝ። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ?

ቁልፍ 13፦ ባላውማ ሁለት ነው፣ ሦስትም ነው። ችግሩ አንዱ ሌላውን ተደግፎ መቆሙ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ሊማ ላይ የፔሩ አየር መንገድ ኤሮፔሩ ቦይንግ 757 ሲታጠብ፣ ከፍታና ፍጥነት የሚለካባቸው በጎኑ ያሉት የአየር ግፊት ቀዳዳዎች በፕላስተር ተሸፍነው ቀሩ። የለጠፈው አላነሣም፣ ተቆጣጣሪው አላየም፣ የዞረው አብራሪም አላየም። ሌሊት ነው፣ ፕላስተሩ ደግሞ ብርማ። ከፍታውም ፍጥነቱም ጠፍቶባቸው ባሕር ውስጥ ገቡ፣ 70 ሰው አለቀ። ካፒቴን ዞረ ረዳት ዞረ ምን ይለውጣል? ፕላስተሩ ቀይ ቢሆን ይሻል ነበር።

ጋሽ ካፒቴን፦ በ2018 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ላይ የማሌዥያ አየር መንገድ ኤርባስ 330 ከፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ ክዳን ጋር ተነሥቷል። ተርብ እንዳይገባ የሚደረግ ክዳን ነው፣ ቀይ ሪባን የተንጠለጠለበት። በሰላም አረፈ እንጂ። ለማያይ ሰው ቀዩም ያው ነው።

ቁልፍ 13፦ እሺ፣ እዚህ ላይ አሸነፉኝ።

የመስኮት ወንበር፦ እና ማን ይዙር ታዲያ?

ቀኝ ወንበር፦ ነገ ሌሊት 11 ሰዓት በረራ አለኝ፣ ዝናብ ነው ተብሏል። ካፒቴኑን «አብረን እንዙር» ልለው ነው። ምን እንዳለኝ ስመለስ እጽፍላችኋለሁ።