ክርክር፦ የሕክምና ተማሪ የዘረመል ኢፒዲሚዮሎጂ መማር አለበት?

መምህርት (ማኅበረሰብ ጤና)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዘረመል ኢፒዲሚዮሎጂ ለሕክምና ተማሪዎች በጊዜ ይሰጥ እላለሁ። የማወራው ስለ ላቦራቶሪ አይደለም። አንድ በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ ላይ ለምን እንደሚበረታ፣ የዘሩ ድርሻ ምን ያህል፣ የኑሮውስ ምን ያህል እንደሆነ መለየት ነው። እኛ አገር ለዚህ ከፖዶኮኒዮሲስ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ብዙ ሰው ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ነው፤ በትንኝ ከሚመጣው ግን ይለያል። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ታዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ያለ ጫማ እያረሰ አንዱ ቤት ላይ ለምን ይበረታል? ተማሪዎቼ ይህን እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ካሪኩለሙ ሞልቷል። ባዮስታትስቲክስን፣ የጤና መረጃ ስሌቱን፣ ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን ነው ያለፍነው። ኦድስ ሬሾ (የሁለት ቡድን የመታመም ዕድል የሚወዳደርበት ስሌት) በቅጡ ላልገባው ተማሪ ሌላ ቀመር መጨመር ምን ይጠቅማል? ተመርቀን የምንመደብበት ቦታ ተራ የደም ምርመራ እንኳ የሚቋረጥበት ሊሆን ይችላል። የዘረመል ምርመራማ ከየት ይመጣል? ያ ሰዓት ለወሊድ፣ ለቲቢ፣ ለሕፃናት የሳንባ ምች ይዋል።

ጠቅላላ ሐኪም (ደቡብ የሠራ)፦
ወንድሜ፣ መሣሪያው ባይኖርም ጥያቄው ይመጣብሃል። እግሯ ያበጠ እናት ካርድ አውጥታ ስትገባ "ልጄም ይወርሰዋል ወይ?" ትልሃለች። አንዳንድ ባለሙያ ሊያጽናናት ብሎ "በጭራሽ፣ በዘር አይመጣም" ይላታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በወላይታ ቤተሰቦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። የታማሚ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ገደማ የበለጠ የመያዝ ዕድል እንዳለው አሳይቷል። የዘሩን ድርሻም 63 በመቶ ብሎ ገምቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ተጋላጭነቱ ኤችኤልኤ ከሚባሉት፣ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩት ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። እናትየዋ እኮ በሽታው ቤት ለይቶ ሲሄድ በዓይኗ አይታለች። "የለም" ብትላት ከዚያ በኋላ ስለ ጫማ የምትነግራትንም አታምንህም።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ)፦
እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። "ዘራቸው ነው" ከተባለ የታመመችው ብቻ አይደለችም የምትጎዳው። ጤነኛዋ እህቷም ሳትዳር ትቀራለች። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይህን ያውቁታል፤ መገለሉ ፈቃደኝነት መጠየቁን እንዴት እንዳከበደው እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፈዋል። 63 በመቶ የሚለውን ቁጥር በግማሽ የተረዳ ሐኪም ቀበሌ ላይ ቢናገረው ሰው የሚሰማው "ከ100 ልጅ 63ቱ ይታመማል" ብሎ ነው። ማን ነው በኋላ የሚያስተካክለው?

መምህርት፦
ሲስተር፣ ይማሩ የምለውም ለዚሁ ነው። 63 በመቶ ማለት ከ100 ልጅ 63ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። አንዲት ታማሚ ከሕመሟ 63 በመቶውን ከወላጆቿ ወሰደች ማለትም አይደለም። በዚያ አፈር ላይ፣ በዚያ አኗኗር በሚኖሩ ሰዎች መካከል ለሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ዘር ያለው ድርሻ ነው። አኗኗሩ ከተለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል። ሁሉም ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ዘረመሉ ባለበት ይቀመጣል፤ በሽታው ግን አይመጣም። ይህ የገባው ሐኪም ለታጨችው ልጅ አማቾችም የሚለው አለው። ያልገባው ወይ ይዋሻል፣ ወይ ያስፈራራል።

ሐኪም፦
ሥራም ይለውጣል። አንድ ልጅ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት ካየሁ ወንድም እህቶቹን አስጠራለሁ። የሚታደል ጫማ ካነሰ ቅድሚያ ለዚያ ቤት ነው። ለዚህ ምንም ማሽን አያስፈልግም።

ፋርማሲስት፦
ጨዋታው ዝሆኔ ላይ ብቻ እንዳይቀር። ለምሳሌ ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንይ። ጉበት ውስጥ ሲፒዋይ ቱዲ ሲክስ የተባለው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው የእነ እሌኒ አክሊሉ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ሞርፊኑን ቶሎና በብዛት ያመርታል፤ ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊዳከም ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ኮዴይን እንዳይሰጥ ከልክሏል። መጠኑ የተወሰነው በሌላ ሕዝብ ላይ በተሠራ ጥናት መሆኑን ተማሪ ካላወቀ፣ የመጽሐፉን ዶዝ እንዳለ ገልብጦ ያዝዛል።

ተማሪ፦
የኮዴይኑን አልሰማሁም ነበር። እሺ፣ ትምህርቱ ይምጣ። አዲስ ኮርስና አዲስ ፈተና ግን አሁንም እቃወማለሁ። ለማኅበረሰብ ጤና ገጠር ስንወጣ እዚያው ይሰጠን። የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ እንሳል፤ ማን ታመመ፣ ማን ጫማ አደረገ፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ብለን እንጠይቅ። ሰባት ቤት እየተቆጠረ የሚጋባ ሰፈር ያደግን ብዙዎች ነን፤ ሐረግ መሳል አይከብደንም። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሲስተር፦
በዚህ መንገድ ከሆነ እስማማለሁ። ግን የተሳለው ሐረግ ላይ ስምና ቀበሌ አይጻፍ። ስልክ ላይም ፎቶ ተነሥቶ ግሩፕ ውስጥ አይለቀቅ። ቤተሰቡ ከመጠየቁ በፊትም ለምን እንደሚጠየቅ በራሱ ቋንቋ ይነገረው፤ እምቢ ካለ ተማሪዎቹ አመስግነው ወደ ሌላ ቤት ይሂዱ።

መምህርት፦
ሲስተር፣ ሦስቱንም ተማሪዎቹ ይዘውት በሚወጡት መመሪያ ላይ እጽፋቸዋለሁ። ፈቃድ አጠያየቁን አንቺ ብታሠለጥኛቸው ደስ ይለኛል።