በረሃብ የቆየ ባክቴሪያ ሚውቴሽኑ (የዘረመል ለውጡ) ጨምሯል? እንዴት ይለካ? (ሐዋሳ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኢ. ኮላይ 0.02 በመቶ ግሉኮስ ባለው ኤም 9 (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ) አድጎ፣ ግሉኮሱ ካለቀ በኋላ 7 ቀን ቆይቶ ሪፋምፒሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት (በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም) ባለው አጋር (የረጋ ማሳደጊያ) ላይ ተዘራ። መድኃኒቱን የተቋቋሙት ሴሎች ድርሻ ከ1ኛው ቀን በ10 እጥፍ በለጠ። ከ5 ቱቦ አራቱ ከ2 እስከ 6 ኮሎኒ፣ አንዱ ግን 210 አወጣ። ረሃቡ ሚውቴሽን ጨመረ ማለት ይቻላል?

ታቦር፦ ገና ነው። 210ዋ ስህተት አይደለችም። ሚውቴሽኑ ሴሎቹ ገና ጥቂት ሳሉ ስለተፈጠረ ዘር አብዝቷል፤ ተመራማሪዎቹ ሉሪያና ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳዩት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለች ቱቦ ስለምታዛባው የኮሎኒውን ቁጥር አማካይ አትውሰዱ።

24 ቱቦ፣ በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር አድርጉ። ሲጀመር በየቱቦው ከ1000 ሴል አይብለጥ፤ ከበዛ ነባር ሚውታንት (ሚውቴሽን ያለበት ሴል) አብሮ ይገባል። ካደገ በኋላ የቱቦውን ሙሉ ይዘት በሴንትሪፊዩጅ ሰብስባችሁ በሪፋምፒሲን ላይ ዝሩ። ጠቅላላውን ሴል ለመቁጠር ሌላ 3 ቱቦ አዘጋጁ። ከ24ቱ 9ኙ ምንም ኮሎኒ ካላወጡ ድርሻቸው 0.375 ነው፤ የናቹራል ሎጋሪዝሙን ምልክት ስትቀይሩ 0.98 ይሆናል፤ በአንድ ቱቦ የተፈጠረው ሚውቴሽን አማካይ ይህ ነው። በ200 ሚሊዮን ሴል ሲካፈል በቢሊዮን ሴል 5 ገደማ ይመጣል።

አሞራ ገደል፦ ታቦር ያለው ለ1ኛው ቀን ይሠራል፤ ለረሃቡ ሳምንት ግን ብቻውን አይበቃም። ጣጣው አካፋዩ ማለትም የጠቅላላው ሴል ቁጥር ላይ ነው። ብዙ ሴል ይሞታል፤ ተቋቋሚው ዘግይቶ የሚሞት ከሆነ አንድም አዲስ ሚውቴሽን ሳይፈጠር ድርሻው ያድጋል። ሁለት ሦስት የተለያዩ ተቋቋሚዎችን በጥቂቱ ካልተቋቋመው ነባር ዝርያ ጋር ቀላቅላችሁ 7 ቀን አስርቡ። ድርሻቸው ከጨመረ የ10 እጥፉ ምክንያት ምርጫ (ተቋቋሚው ከነባሩ የተሻለ መቆየቱ) ሊሆን ይችላል።

ሚውቴሽን በእርግጥ የሚጨምርበት መንገድም አለ፦ ሲራብ የረሃብ ጊዜ ጂኖችን የሚያዘው ፕሮቲን አርፖኤስ ይበዛል፣ ስህተት የሚያበዛው የዲኤንኤ ቀጂ ፖሊመሬዝ 4 ይጨምራል፣ የቅጂ ስህተት አራሚው ሙትኤስ ይቀንሳል። አርፖኤስ ከሌለው ዝርያ ጋር አነጻጽሩ። እሱ በረሃብ ቶሎ ስለሚሞት ቅልቅሉን ለእሱም ለብቻ ድገሙ።

ሐይቅ ዳር፦ ከመድገማችሁ በፊት ኦቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስያን የሚገድለውን መሣሪያ) እዩልኝ። ከተማችን ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስላለችና የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል፣ የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ121 ዲግሪ ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ካልፈቀደ በ15 ላይ 30 ደቂቃ ያዙ። ግሉኮስ፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም ለየብቻ ይቀቀሉ፤ ከኤም 9 ፎስፌት ጋር ካልሲየሙ ይዘቅጣል። ሪፋምፒሲኑን አጋሩ ወደ 50 ዲግሪ ሲወርድ ጨምሩ፣ ፕሌቶቹን ከብርሃን ሰውሩ። በ7 ቀን ውኃ ስለሚተን የቱቦውን ከፍታ ምልክት አድርጉና ከመዝራት በፊት ከተሕዋስያን በጸዳ ውኃ ሙሉት።

ጠያቂ፦ ቅልቅሉ አልተሠራም ነበር፤ ከእሱ እንጀምራለን። ተቋቋሚው በስንት ይቀላቀል?

አሞራ ገደል፦ በሚሊ ሊትር 1000 ገደማ። ከሱ ካነሰ በ7ኛው ቀን የሚቆጠር አይተርፍም።