«ጎበዝ ሠራተኛ አለቃ አይመርጥም»? ኧረ ተዉን!

ፈረቃ 3፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ጎበዝ ሠራተኛ አለቃ አይመርጥም፤ መጥፎ አለቃ የሰነፍ ሰበብ ነው» ተብሎ ተለጥፎ ላይክ ሲዘንብለት አደረ። ለመሆኑ አንብባችሁት ነው?

ብሎን፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። አለቃው ጮኸ አልጮኸ ብሎን የሚጠብቀው በቁልፍ ነው።

ፈረቃ 3፦ ቁልፉ ከመጋዘን የሚወጣው በፊርማ ነዋ! ፈራሚው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ውክልና አይሰጥም፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ስምንት ሰው 2 ሰዓት ቢጠብቅ 16 የሥራ ሰዓት በነነ፤ የሁለት ሰው ሙሉ ቀን ማለት ነው። ማታ ላይ ሪፖርቱ «ሠራተኛው ዳተኛ ነው» ይላል።

ማህደር፦ ይሄ ተለክቷል እኮ። ኢኮኖሚስቶቹ ላዚር፣ ሾውና ስታንተን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከታችኛው 10 በመቶ ያለን አለቃ አንስቶ ከላይኛው 10 በመቶ ባለው መተካት ዘጠኝ ሰው ያለበት ቡድን ላይ አንድ ሠራተኛ እንደ መጨመር ነው።

ብሎን፦ አንድ ሰው? ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?

ማህደር፦ ከዘጠኝ አንድ 11 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ ቅጥር ሳይኖር።

እንጎቻ፦ የአስተያየት ጥናት ድርጅቱ ጋሉፕም 70 በመቶ ሠራተኛ በአለቃው ምክንያት ተስፋ ቆርጧል ብሏል።

ማህደር፦ አላለም። ያለው በቡድኖች መካከል ከሚታየው የሥራ ተነሳሽነት ልዩነት ቢያንስ 70 በመቶው ከአለቃው ጋር ይያያዛል ነው። የሰው ቁጥር አይደለም። እንዲህ እያጣመማችሁ ነው ለብሎን በር የምትከፍቱለት።

እንጎቻ፦ እሺ ፕሮፌሰር።

ብሎን፦ በሩ ከተከፈተ ልግባ፦ የኢኮኖሚስቶቹ የሆፍማንና የታዴሊስ ጥናትስ? ሰው አያያዝ የሚችል አለቃ ያለበት ቡድን የሚለቀው ሰው ይቀንሳል እንጂ ሌላው ውጤት ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም።

ማህደር፦ ልክ ነህ።

ብሎን፦ ይኸው!

ፈረቃ 3፦ ምኑ ነው «ይኸው»? መልቀቅ በነፃ ነው እንዴ? ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ አለ። አዲሱ እስኪለምድ ነባሩ የራሱን ሥራ ጥሎ ያሠለጥናል። የለቀቀው ሰው ሥራ በቀሩት ላይ ይከፋፈላል፣ ትርፍ ሰዓት ይበዛል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይለቃል። ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ማን ነው? ሌላ ቦታ የሚፈለገው! ስለዚህ አለቃ የሚመርጠው ጎበዙ ነው፤ የማይመርጠው መሄጃ የሌለው ነው። አባባልህን ገልብጠህ ለጥፈው።

ብሎን፦ ሰው የሚለቀው ለደመወዝ ነው። መልቀቂያቸውን አንብብ።

የሰው ሀብት፦ መልቀቂያ ላይማ ሁሉም «በግል ምክንያት» ነው። ክሊራንሱን የሚፈርምለት ያው አለቃ ሆኖ ማን እውነቱን ይጽፋል? ማወቅ የፈለገ አንድ እርከን ላይ ያሉ፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖችን የ12 ወር መልቀቂያ፣ የሕመም ፈቃድና የዝውውር ጥያቄ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ደመወዙ እኩል ሆኖ አንዱ ጋ ብቻ ከፈሰሰ ደመወዝ አይደለም። የለቀቁትንም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ፣ አለቃው ያልሆነ ሰው ደውሎ ይጠይቅ። አምስት ሰው ብቻ ያለበት ቡድን ላይ ግን አትፍረዱ፤ የአንድ ሰው መልቀቅ 20 በመቶ ይሆናል።

እንጎቻ፦ ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው፣ አለቀ።

ብሎን፦ ተረት መጣ! ዓሣው ቀድሞ የሚገማው ከሆዱ ነው፣ ለዚህ ነው ወዲያው ሆድ ዕቃው የሚወጣው።

እንጎቻ፦ ዓሣ ሻጭም ሆንክ?

ማህደር፦ ወደ ነገራችን። አለቃውም እኮ ብዙ ጊዜ ተበድሎ ነው፤ ምርጡ ሻጭ ስለሆነ ተሾመ፣ ሰው መምራት ማንም አላስተማረውም። ተመራማሪዎቹ ቤንሰን፣ ሊ እና ሹ ከ100 በላይ ድርጅቶችን የሽያጭ ሠራተኞች አይተው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ይሄንኑ ነው፦ ሹመቱ የሚሄደው ለምርጥ ሻጭ፣ ደካማ አለቃ የሚወጣውም ከዚያው።

የሰው ሀብት፦ መድኃኒቱ ለምርጡ ሻጭ ሳይሾም የሚያድግበት የደመወዝ እርከን መክፈት ነው። አለበለዚያ ጥሩ ሻጭ ታጣለህ፣ መጥፎ አለቃ ታተርፋለህ።

ብሎን፦ እና ጎበዙ ሁሉ ከለቀቀ፣ እዚሁ ያለነው ሰነፎች ነን ማለት ነው?

ፈረቃ 3፦ እኔ አልወጣኝም።

እንጎቻ፦ ላይክ አድርጌዋለሁ ግን።