የድረ ገጻችንን ስም በራሱ ስም ያስመዘገበ ባለሙያ አልመልስም አለን፤ ወዴት አቤት ይባላል?

የአያቴ ቡና (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልተን፣ አሽገን የምንሸጥ ትንሽ የቤተሰብ ድርጅት አለን። ንግድ ፈቃድ ያወጣነው በ2010 ዓ.ም ነው፤ ድረ ገጹን ያሠራነው ደግሞ በዓመቱ። የድረ ገጹ ስም የአያቴ ስም ከ"ቡና" ጋር ተጣምሮ በዶት ኮም የሚያልቅ ነው። ሥራውን የሠራልን ባለሙያ "ዶሜይኑን (የድረ ገጹን ስም) እኔ አስመዘግብላችኋለሁ" ብሎ በየዓመቱ ከእኛ ገንዘብ እየተቀበለ ሲያሳድስ ቆየ። ዘንድሮ ሥራውን ለሌላ ሰው ልንሰጥ መሆኑን ስንነግረው፣ ስሙ የእኔ ነው፣ ከፈለጋችሁት ግዙኝ አለና 200 ሺህ ብር ጠየቀን።

አዲሱ ባለሙያ የምዝገባ መረጃውን ሲፈልግ የባለቤቱ ስም ተሸፍኗል። የሚታየው መዝጋቢው ኩባንያና ምዝገባው የሚያበቃበት ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ወር ተኩል ቀርቶታል። ጀርመን ያሉ ገዢዎቻችን የሚጽፉልን በዚሁ ስም በተከፈተ ኢሜይል ስለሆነ ነገሩ አሳስቦኛል። የንግድ ምልክት አላስመዘገብንም። ፖሊስ ጋ ነው የሚኬደው፣ ንግድ ቢሮ ነው፣ ወይስ ውጭ አገር?

ባለሱቅ ከመርካቶ

እህቴ፣ ክርክር ከገባሽ ቡናው ይሻግታል። ሌላ ስም ግዢና ለደንበኞችሽ አዲሱን አድራሻ ላኪ። ዶሜይን እኮ በዓመት ጥቂት ዶላር ነው። ለእሱ ግን አንድ ብር እንዳትሰጪው፣ ነገ ሌላውንም ያስለምዳል።

ኬብል ዘርጊ

አዲስ ስም መግዛት ቀላል ነው፤ አሮጌውን መተው ግን አደጋ አለው። ስሙ በሌላ ሰው እጅ ከቀረ፣ ያ ሰው በእናንተ ስም ኢሜይል መላክና መቀበል ይችላል። ገዢያችሁ በጀርመን "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል" የሚል ደብዳቤ ከትክክለኛው አድራሻ ቢደርሰው ምን ይጠራጠራል? ስለዚህ የስልክ ጥሪ ዛሬውኑ ያስፈልጋል፤ ክፍያን የሚመለከት ማንኛውም ለውጥ በስልክ ሳይረጋገጥ እንዳይቀበሉ ንገሯቸው።

የማብቂያውን ቀን በተመለከተ አትደንግጡ። ዶት ኮም ጊዜው ባለፈ ማግስት ለሌላ ሰው ክፍት አይሆንም። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ የትዕግሥቱ ርዝማኔ ግን በእሱ ፈቃድ ነው። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ተጨማሪ ቅጣት ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ በ5 ቀን ውስጥ ለማንም ይለቀቃል። ችግሩ በእነዚህ ቀናት ሁሉ የማሳሰቢያ ኢሜይል የሚደርሰውም፣ ስሙን መልሶ የሚያሳድሰውም በመዝገቡ ላይ ያለው ሰው መሆኑ ነው። አንዳንድ መዝጋቢዎች ለማንም ሰው የእድሳት ክፍያ ይፈቅዳሉ፤ ጠይቋቸው። መክፈል ባለቤት ባያደርጋችሁም ጊዜ ይገዛል።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የመዝጋቢውን መግቢያ የይለፍ ቃል ሰውየው በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ትቶት አልሄደም? ካለ ገብታችሁ ወደ ራሳችሁ አዛውሩት።

ጠበቃው

ከላይ ያለውን የመጨረሻ ምክር አትከተሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ገና አንቀጽ 3 ላይ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የራስን ንብረት ለማስመለስ የገባ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ሲቆም ለባላጋራው ሠርግና ምላሽ ይሆንለታል።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ዶሜይን እንደ ቤት ካርታ የሚሰጠው ባለቤትነት የለም፤ በመዝጋቢውና በተመዝጋቢው መካከል ያለ የአገልግሎት ውል ነው። መዝጋቢው የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ለእሱ መጻፍ ብዙም አይጠቅማችሁም። እናንተ የምትከራከሩት ከሰውየው ጋር ነው። ጉዳዩም ፍትሐ ብሔር ነው፤ ፖሊስ ጋ ብትሄዱ "ፍርድ ቤት ሂዱ" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

እኔ ክሱን የምመሠርተው በውክልና ላይ ነው። በእናንተ ገንዘብ፣ ለእናንተ ሥራ፣ በእናንተ ትእዛዝ አንድ ነገር የገዛ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ያሉት የውክልና ድንጋጌዎች ይመለከቱታል፤ ለወካዩ ያገኘውን ለወካዩ ማስረከብ አለበት። ይህ ባይሳካ እንኳ በሌላ ሰው ወጪ ያላግባብ መበልጸግን የሚመለከተው ቁጥር 2162 አለ። ከክሱ ጋር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት እግድ ጠይቁ፦ ስሙን እንዳይሸጥ፣ እንዳያዛውር። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አሜሪካ ያለውን መዝጋቢ በቀጥታ ላያስገድድ ይችላል። ሰውየው ግን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ቁልፉን የሚጫነው የእሱ ጣት ነው፤ ትእዛዙም ለእሱ ነው የሚሰጠው።

ማስረጃችሁ ምንድን ነው? ውል አላችሁ?

የአያቴ ቡና

የተጻፈ ውል የለንም። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ በየዓመቱ አለ፤ ምክንያቱ ላይ "የዶሜይን እድሳት" ተብሎ ተጽፏል። በቴሌግራምም "የድርጅታችሁ ዶሜይን ጊዜው ደርሷል፣ ክፈሉ" ብሎ የላከልን መልእክት አለ።

ጠበቃው

ያቺ "የድርጅታችሁ" የምትል ቃል ወርቅ ናት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሚሰጥ፣ ቴሌግራም ነው ተብሎ ብቻ አይጣልባችሁም። መልእክቱን ከነቀኑና ከነላኪው ስልክ ቁጥር አትሙት፤ ዋናውን ስልክም አትቀይሩ፣ አታጽዱ። ውይይቱን በሁለቱም ወገን ማጥፋት እንደሚቻል አትርሱ፤ ስለዚህ ከእሱ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

አሌክሳንድሪያ

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። የውጭውን መንገድ ማወቅ ለምትፈልጉ፦ የዶሜይን ሥርዓቱን የሚያስተባብረው አይካን በ1999 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ወጥ የሆነ የአለመግባባት መፍቻ ደንብ አውጥቷል። አቤቱታው ጄኔቫ ላለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ማዕከል ይቀርባል። ሦስት ነገር ማስረዳት ግድ ነው፦ ስሙ ከንግድ ምልክታችሁ ጋር አንድ ወይም አሳሳች በሆነ መጠን ተመሳሳይ መሆኑን፣ ያዢው በስሙ ላይ መብትም ሕጋዊ ጥቅምም የሌለው መሆኑን፣ እና በክፉ ልቦና አስመዝግቦ በክፉ ልቦና እየተጠቀመበት መሆኑን። ከአንድ እስከ አምስት ለሚደርሱ ስሞች በአንድ ዳኛ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። ብታሸንፉ ስሙ ይዛወርላችኋል ወይም ይሰረዛል፤ ካሳ የሚባል ነገር ግን የለም።

የንግድ ምልክት አለማስመዝገብ በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በገበያ ላይ በመጠቀም የታወቀ ምልክትም በማስረጃ ይታያል። የእናንተ ፈተና ሦስተኛው ነጥብ ነው። በ2011 ዓ.ም ሲያስመዘግብ በስምምነታችሁ ነበር፤ "ያኔ ክፉ ልቦና አልነበረም" ሊባል ይችላል። ዳኞቹም ነገሩ የውል ጭቅጭቅ ነው ብለው ወደ ፍርድ ቤት የሚመልሷቸው ጉዳዮች አሉ። ሌላው መንገድ የሰውን ምልክት በክፉ ልቦና በዶሜይንነት መያዝን የሚከለክለው የአሜሪካ የ1999 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው፤ እኔ ባለሁበት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ስሙ ራሱ የሚከሰስበት አሠራር አለ፣ የዶት ኮም መዝገብ ያዢ ቬሪሳይን ቨርጂኒያ ስለሆነ። ግን በአሜሪካ የታወቀ ምልክትና የጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለእናንተ አይመከርም።

አንድ ጥያቄ፦ በስሙ ውስጥ "ይርጋጨፌ" ወይም "ሲዳሞ" የሚል አለ?

የአያቴ ቡና

የለም፣ የአያቴ ስም ብቻ። ለምን ጠየቁኝ?

አሌክሳንድሪያ

መንግሥት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚያን ስሞች በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲሠራ ስለቆየ ነው፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በዚሁ ምክንያት የነበረው ክርክር ይታወሳል። የእኛ ነው የምትሉት ስም የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት ሆኖ ቢገኝ አቤቱታችሁ ገና ከመጀመሪያው ይወድቅ ነበር። የሰው ስም ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ኒሳን የመኪና ኩባንያ ኒሳን ዶት ኮምን ለመውሰድ ለዓመታት ተከራክሮ ያልቻለው የስሙ ያዢ የቤተሰብ ስሙ ኒሳን ስለነበረ ነው።

ጠበቃው

የእኛ ሰውዬ አያትየው አያቱ ካልሆኑ ያ መከላከያ የለውም። የንግድ ምልክቱን ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ 7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። እሱ ቀድሞ ካመለከተ ሌላ ዙር ክርክር ይመጣል።

የአያቴ ቡና

አጎቴን ይዤ ሄጄ አነጋገርነው። የመልእክቶቹን ቅጂ ሳሳየውና ስለ ክሱ ስነግረው ቀዝቀዝ አለ። ያልከፈልነው የሦስት ወር የጥገና ሒሳብ ነበር፤ እሱን ከከፈላችሁኝ አዛውራለሁ ብሏል። ሒሳቡ እውነት ስለሆነ እንከፍላለን። አሁን ምን ላድርግ እንዳይለወጥብኝ?

ኬብል ዘርጊ

ወደ ሌላ መዝጋቢ ልውሰድ አትበሉ፤ የዝውውር ኮድ፣ የኢሜይል ማረጋገጫና የቀናት ጥበቃ አለበት። ባለቤትን መቀየርም የ60 ቀን እገዳ ሊያስከትል ይችላል። ይልቅ እዚያው መዝጋቢ ጋ በድርጅቱ ስምና ከዶሜይኑ ውጪ ባለ ኢሜይል አዲስ መለያ ክፈቱ፤ እሱ ከመለያው ወደ መለያችሁ ይገፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል። ከዚያ የተመዝጋቢው ስም የድርጅቱ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከመገፋቱ በፊት ኢሜይሉ ወዴት እንደሚደርስ የሚወስነውን የዶሜይኑን ቅንብር ገልብጡ፤ ያ ከጠፋ የጀርመኖቹ ደብዳቤ አየር ላይ ይቀራል።

ጠበቃው

ገንዘቡን ስሙ በመለያችሁ ከታየ በኋላ ክፈሉ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ። በደረሰኙ ላይ "የጥገና ሒሳብ" ይባል እንጂ "የዶሜይን ዋጋ" አይባል። በአንድ ገጽ ወረቀትም ዶሜይኑ ከመጀመሪያው ለድርጅቱ የተመዘገበ መሆኑንና ምንም ቀሪ ጥያቄ እንደሌለው ይፈርም፣ አጎትዎም በምስክርነት ይፈርሙ።